የቤዝ አምፕሊፋየር ጌይን አስተካከልና የማስጠንቀቂያ መብራቶች አነባበብ

በቤዝ አምፕሊፋየር ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ስትል አብዛኛው ተጫዋች ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይደነግጥና እጁ ያገኘውን ማዞሪያ ሁሉ ዝቅ ያደርጋል፣ ወይም ድምፅ እስከወጣ ድረስ ምን ቸገረኝ ብሎ መጫወቱን ይቀጥላል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያው የሳሳና «ሽሽ» የሚል ድምፅ የበዛበት ቤዝ ያስከትላል፤ ሁለተኛው ውሎ አድሮ ስፒከር ያቃጥላል። የማስጠንቀቂያ መብራት ስለ አምፑ በሙሉ አይናገርም፤ ስለተገናኘበት አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ መብራት ሲበራ ማናቸውንም ማዞሪያ ከመንካት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ይህ መብራት የየትኛው ክፍል ነው?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ሲግናሉ የሚያልፍባቸው ክፍሎች

ከቤዝ ጊታር የሚወጣው ሲግናል ደካማ ነው። ባትሪ የሌለው፣ ፓሲቭ የሚባለው ቤዝ በለስላሳ ሲነካ የሚያወጣው በአሥሮች ወይም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ሲሆን፣ በኃይል ሲመታ ለቅጽበት 1 ቮልት ሊደርስና ሊያልፍም ይችላል። በውስጡ ባትሪና ፕሪአምፕ (ሲግናሉን አስቀድሞ የሚያጎላ ክፍል) ያለው አክቲቭ ቤዝ ደግሞ፣ በተለይ የራሱ የቤዝና የትሬብል (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ) ማዞሪያዎች ከፍ ተደርገው ከሆነ፣ ከዚህ በብዙ እጥፍ የበረታ ሲግናል ሊልክ ይችላል።

ይህ ሲግናል በጃኩ እንደገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የግቤቱን ማጉያ ነው። ጌይን የተባለው ማዞሪያ የሚቆጣጠረው ይህንን ክፍል ነው። ቀጥሎ የወፍራም፣ የመካከለኛና የቀጭን ድምፆችን መጠን ለየብቻ የሚያስተካክለው ኢኩዋላይዘር ይመጣል። በብዙ አምፖች ላይ ከኢኩዋላይዘሩ አጠገብ ኮምፕረሰር (ብርቱውንና ደካማውን ድምፅ የሚያቀራርብ) እና ለውጭ ኢፌክት የተዘጋጀ ሉፕ (መውጫና መመለሻ) ይኖራሉ። ከነዚህ በኋላ ማስተር ቮልዩም አለ፤ ይህም ከፕሪአምፑ የወጣው ሲግናል ምን ያህሉ ወደ ፓወር አምፑ እንደሚያልፍ ይወስናል። ፓወር አምፑ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰውን ትልቅ ኃይል ይሰጣል።

እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራበት የኤሌክትሪክ አቅርቦት የሚወስነው ጣሪያ አለው። ሲግናሉ ጣሪያውን ሲነካ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ክሊፒንግ የሚባለው ይኸው ነው። የተቆረጠው ሞገድ መጀመሪያ ያልነበሩ ሃርሞኒክሶችን (ከዋናው በላይ ያሉ ተጨማሪ ድምፆችን) ስለሚወልድ ጆሮ መሻከር ወይም መሰንጠቅ ሆኖ ይሰማዋል። እዚህ ላይ በደንብ መያዝ ያለበት ነገር፣ አንድ ክፍል ላይ የተቆረጠ ሞገድ ቀጥሎ ባለው ክፍል ቢቀነስም ቅርጹ የማይመለስ መሆኑ ነው። ጌይን ላይ የተበላሸ ድምፅ ማስተሩን ዝቅ ሲያደርጉት ዝቅ ያለ የተበላሸ ድምፅ ይሆናል እንጂ አይጠራም። በአንጻሩ ፓወር አምፑ ላይ የሚቆረጠው ሲግናል ማስተሩ ትንሽ ዝቅ ሲል ወዲያውኑ ይስተካከላል። የመብራቱን ባለቤት ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ ከሚሰሙ የተሳሳቱ እምነቶች መካከል ሁለቱን ከወዲሁ ማረም ይጠቅማል። አንደኛው፣ ጌይንን ዝቅ አድርጎ ማስተርን ከፍ ማድረግ ስፒከሩን ያድናል የሚለው ነው። ስፒከሩ የሚያየው የሁለቱን ድምር ውጤት ስለሆነ፣ ከጌይን የቀነሱትን በማስተር ከመለሱት የሚደርሰው ኃይል ያው ነው፤ ትርፉ «ሽሽ» የሚለውን የፕሪአምፑን ድምፅ አብሮ ማጉላት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ማስተሩ ግማሽ ላይ ከሆነ አምፑ ግማሽ ኃይሉን ብቻ እየሰጠ ነው የሚለው ነው። ማዞሪያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ዋት አይደሉም። በርካታ አምፖች ጠንካራ ሲግናል ከገባላቸው ማስተሩ ግማሹን ሳያልፍ ሙሉ ኃይላቸው ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ዙር ለደካማ ሲግናል የተተወ ቦታ ነው።

ስለ ኃይል ሲነሳ የቤዝን ልዩ ባሕርይ መዘንጋት አይገባም። በተለመደው ቅኝት የባለ 4 ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ፣ የባለ 5 ክር ቤዝ ዝቅተኛው ክር ደግሞ 31 ኸርዝ ገደማ ነው። እነዚህን ዝቅተኛ ድምፆች ጎላ አድርጎ ለማሰማት ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት። የ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ጭማሪ ኃይሉን እጥፍ ይጠይቃል፤ ለጆሮ እጥፍ የጎላ የሚመስለው የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ኢኩዋላይዘሩ ላይ የቤዝ ማዞሪያውን በ12 ዴሲቤል ከፍ ያደረገ ሰው በዚያ የድምፅ ክልል ከፓወር አምፑ የጠየቀው አሥራ ስድስት እጥፍ ኃይል ነው። «ጌይኔን አልነካሁም፣ ለምን በራ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ይገኛል።

ከማብራት በፊት

የአምፑን መመሪያ መጽሐፍ ያውጡና ሁለት ነገር ይፈልጉ። የመጀመሪያው የክሊፕ መብራቱ የተገናኘው ከኢኩዋላይዘሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው፤ አንዳንድ አምፖች የግቤቱን ማጉያ ብቻ ይከታተላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ብዙ ክፍሎችን በአንድ መብራት ይከታተላሉ። ሁለተኛው መብራቱ የሚበራው ሲግናሉ ሲቆረጥ ነው ወይስ ጥቂት ዴሲቤል ሲቀረው የሚለው ነው። ይህንን ሳያውቁ መብራቱን ማመንም ሆነ አለማመን አይቻልም። መመሪያው ከሌለ የመጀመሪያውን ጥያቄ በቀላል ሙከራ መመለስ ይቻላል፦ ጌይኑን መብራቱ ሊበራ ጥቂት ሲቀረው ያቁሙና በተመሳሳይ ኃይል እየመቱ የኢኩዋላይዘሩን የቤዝ ማዞሪያ ከፍ ያድርጉ። መብራቱ መብራት ከጀመረ ከኢኩዋላይዘሩ በኋላ ያለውን ክፍልም ይከታተላል ማለት ነው። ካልተለወጠ የሚያየው ግቤቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኢኩዋላይዘሩ ራሱ ሲቆረጥ ምንም ላይነግርዎ ይችላል።

አምፑ ጠፍቶ ሳለ ስፒከሩን ያገናኙ። ከአምፕ ወደ ስፒከር ሳጥን የሚሄደው ገመድ የስፒከር ገመድ መሆን አለበት። የጊታር ገመድ ጫፉ ቢገጥምም ውስጡ ያለው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ የፓወር አምፑን ኃይል ለመሸከም አልተሠራም፤ ይሞቃል፣ ሊቀልጥና ሾርት ሊፈጥርም ይችላል። አምፑና ሳጥኑ የስፒኮን ማገናኛ ካላቸው እሱን ይምረጡ፤ የጊታር ገመድ ስለማይገባበት ስህተቱን ከሥሩ ይከለክላል።

የስፒከሮቹን ኦም (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያላቸውን ተቃውሞ) ይደምሩ፤ ነገር ግን አደማመሩ እንደ ተራ ሒሳብ አይደለም። በአምፑ ጀርባ ጎን ለጎን የሚሰኩ ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች አንድ ላይ 4 ኦም ይሆናሉ፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ሳጥኖች ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ። አንዱን ሳጥን በሌላው ጀርባ በኩል ማገናኘትም አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱን አይለውጠውም። አምፑ ጀርባ ላይ ዝቅተኛው 4 ኦም ነው ተብሎ ከተጻፈ ከዚያ በታች መውረድ አይፈቀድም። ከፍ ያለ ኦም በትራንዚስተር አምፕ ላይ ጉዳት የለውም፤ ኃይሉ ብቻ ይቀንሳል። በ4 ኦም 500 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ8 ኦም ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ዋት ነው የሚሰጠው። በትራንዚስተር ፋንታ ቲዩብ (የመስታወት ቫልቭ) ፓወር አምፕ ያላቸው ግን ጥብቅ ናቸው፦ የስፒከሩ ኦም በአምፑ ላይ ከተመረጠው ጋር መስማማት አለበት፣ ያለ ስፒከርም በፍጹም አያብሯቸው፤ የውጤት ትራንስፎርመራቸው ሊቃጠል ይችላል።

አክቲቭ ቤዝ ከሆነ አዲስ ባትሪ ይግጠሙ። እየደከመ ያለ ባትሪ የቤዙን የራሱን ጣሪያ ዝቅ ስለሚያደርገው ሲግናሉ ከጊታሩ ሳይወጣ ይቆረጣል፤ የአምፑ መብራት ግን ይህንን አያይም። ገመዱ በቤዙ ላይ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባትሪው እንደሚያልቅም ያስታውሱ።

ጌይንን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

አንደኛ፣ ጌይንንም ማስተርንም ዜሮ ላይ ያድርጉ። የኢኩዋላይዘሩን ማዞሪያዎች ሁሉ መሐል ላይ ያቁሙ፣ ድምፁን ለማወፈር ወይም ጥርት ለማድረግ የተቀመጡትን ቁልፎች ያጥፉ፣ ኮምፕረሰሩንም ያጥፉ። ኢፌክት ፔዳሎች ካሉ ለጊዜው ያውጧቸው።

ሁለተኛ፣ በቤዙ ላይ ያለውን ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። አክቲቭ ቤዝ ከሆነ የቤዙን የቤዝና የትሬብል ማዞሪያዎች ሲጫወቱ ከሚያደርሷቸው ከፍተኛ ቦታ ላይ ያድርጓቸው። ጌይን መስተካከል ያለበት ለሚመጣው ብርቱ ሲግናል ነው፤ በግማሽ ቮልዩም የተስተካከለ ጌይን ሙዚቃው ሲሞቅ ቮልዩሙ እንደተከፈተ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ አምፑን ያብሩና ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቁ። በብዙ አምፖች ላይ አምፑ ሲበራ የፕሮቴክት (የመከላከያ) መብራት ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ይህ አምፑ ስፒከሩን ከማገናኘቱ በፊት ራሱን እየፈተሸ መሆኑን ያሳያል፣ ችግርም አይደለም። ቲዩብ ላላቸው ስታንድባይ የሚል ቁልፍ ካለ ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ይጠብቁ።

አራተኛው ከሁሉም የሚበልጠው ነው፣ ጊዜም ይስጡት። ማስተሩ ዜሮ ላይ እንዳለ ይጫወቱ፤ የጌይኑ መብራት የሚያየው ከማስተሩ በፊት ያለውን ስለሆነ ድምፅ ሳይወጣም በአግባቡ ይሠራል። በአብዛኛው የሚጫወቱበትን ስልት ሳይሆን ከሚጫወቱት ሁሉ በጣም ኃይለኛውን ይምረጡ። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ) የሚጫወቱ ከሆነ ስላፕ ይምቱ፣ በፒክ (በመምቻ) የሚጫወቱ ከሆነ በፒክ ይምቱ፤ ወፍራሙን ክፍት ክር አይርሱት። አሁን ጌይኑን በቀስታ ያንሱ። ክሩን በአውራ ጣት ሲመቱት ዓይንዎን ከመብራቱ ላይ አይንቀሉ፦ መብራቱ ብልጭ የሚለው ጣቱ ክሩን በነካበት ቅጽበት ብቻ መሆኑን፣ ድምፁ ግን ሰከንዶችን ወስዶ እየተጎተተ ሳለ መብራቱ ጠፍቶ እንደሚቆይ ያያሉ። ያ የመጀመሪያ ምት ከተከታዩ ድምፅ በብዙ ዴሲቤል ይበልጣል፣ የሚቆየውም በሺዎች ከሚከፈለው ሰከንድ ጥቂቱን ነው። መብራቱ በብርቱዎቹ ምቶች ላይ አዘውትሮ ብልጭ ማለት ሲጀምር ማንሳትዎን ያቁሙና ማዞሪያውን በትንሹ ወደ ኋላ ይመልሱት፤ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ያውም በጣም ኃይለኛው ምት ላይ ብልጭ እንዲል ያድርጉ። ንጹሕ ድምፅ ለሚፈልግ ተጫዋች ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው።

መብራቱ ጌይኑ ገና ከዜሮ ፈቀቅ እንዳለ ከበራ የሚገባው ሲግናል ለግቤቱ በዝቶበታል። በዚህ ጊዜ አክቲቭ የሚል ግቤት ወይም ፓድ የሚል ቁልፍ ካለ ይጠቀሙበት። ፓዱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 10 ዴሲቤል ቮልቴጁን ወደ ሲሶ ገደማ፣ 15 ዴሲቤል ወደ አምስተኛ እጅ ግድም ያወርደዋል። የቤዙ ስም አክቲቭ መሆኑ ብቻ ፓዱን ለመጫን በቂ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ አክቲቭ ቤዞች የሚያወጡት ሲግናል ከፓሲቭ ብዙም አይርቅም፤ ጠንካራ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይሩ) የተገጠሙላቸው ፓሲቭ ቤዞችም ፓድ የሚፈልጉበት ጊዜ አለ። ፈራጁ መብራቱና ጆሮዎ ናቸው። በተቃራኒው ጌይኑ እስከ መጨረሻ ተከፍቶም መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ችግር የለውም፤ ፓዱ በስህተት ተጭኖ እንዳይሆን ብቻ ያረጋግጡ።

አምስተኛ፣ ማስተሩን በቀስታ ያንሱና ለክፍሉ የሚበቃ ድምፅ ላይ ያቁሙ። ከዚህ በኋላ የድምፅ መጠን መጨመርም ሆነ መቀነስ ሲያስፈልግ የሚነካው ማስተሩ ነው፣ ጌይኑን ይተዉት።

ስድስተኛ፣ ኢኩዋላይዘሩን በጆሮ ያስተካክሉ፣ ከተቻለም ባንዱ እየተጫወተ ሳለ። መጨመር ከማሰብ በፊት መቀነስ ይሞክሩ፤ ድምፁ የታፈነ ሲመስል ትሬብል ከመጨመር ይልቅ በ200 እና በ400 ኸርዝ መካከል ያለውን ዝቅተኛ ሚድ ጥቂት መቀነስ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል። ቤዙ በባንዱ ውስጥ አልሰማ ሲል ደግሞ የቤዝ ማዞሪያውን ማንሳት ኃይል ይፈጃል እንጂ አያስሰማም፤ ከ500 እስከ 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሚድ ትንሽ ማንሳት በአነስተኛ ኃይል ክሩን ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ኢኩዋላይዘሩን ከጨረሱ በኋላ አራተኛውን ደረጃ ይድገሙ። ብዙ የጨመሩ ከሆነ ጌይኑን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ሊኖርብዎ ይችላል።

ሰባተኛ፣ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ይመልሱ። እያንዳንዱ ፔዳል ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ ተቀራራቢ መጠን እንዲኖረው በራሱ የቮልዩም ማዞሪያ ያስተካክሉት፤ ፔዳሉ ሲበራ ብቻ የክሊፕ መብራቱ የሚበራ ከሆነ መስተካከል ያለበት ፔዳሉ ነው።

መብራቶቹና የሚናገሩት

አረንጓዴው የሲግናል መብራት ካለ ሲግናል መግባቱን ብቻ ይገልጻል። ድምፅ ሳይወጣ ሲቀር ግን ብዙ ድካም ይቀንሳል፦ እየተጫወቱ አረንጓዴው ከበራ ቤዙና ገመዱ ደህና ናቸው፣ ችግሩን ከግቤቱ ወዲያ ይፈልጉ፤ ሚዩት የሚለው ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነም መጀመሪያ ይዩ። በአንዳንድ አምፖች ላይ አንዱ መብራት ቀለሙን ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ይለውጣል። በእነዚህ ላይ ብርቱዎቹ ምቶች ብርቱካናማ ውስጥ ገብተው ቀዩን አልፎ አልፎ ብቻ ቢነኩ ጥሩ ነው።

ክሊፕ፣ ፒክ (ጫፍ ማለት ነው) ወይም ኦቨርሎድ የተባለው መብራት ከጌይን ማዞሪያው አጠገብ ካለ የግቤቱ ወይም የፕሪአምፑ ነው፤ መልሱም ጌይኑን ዝቅ ማድረግ፣ ፓድ መጫን ወይም የኢኩዋላይዘሩን ጭማሪ መቀነስ ነው። ማስተሩን መንካት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ያው ስም ያለው መብራት ከማስተሩ አጠገብ ከሆነ ግን የፓወር አምፑ ነው። ያኔ ማስተሩን ወይም የኢኩዋላይዘሩን ቤዝ ዝቅ ያድርጉ። ይህ ሁለተኛው ክሊፕ ከመጀመሪያው ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ነው፤ የተቆረጠው ሞገድ በአማካይ ብዙ ኃይል ስለሚሸከም የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ያሞቃል፣ አዲስ የተወለዱት ከፍተኛ ሃርሞኒክሶችም ቀጭን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ ወደ ትዊተሩ ይሄዳሉ። ትዊተር ቀድሞ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሊሚተር የሚለው መብራት አምፑ ከጣሪያው እንዳያልፍ ራሱን እየገታ መሆኑን ያመለክታል። በከባድ ምቶች ላይ ብልጭ ማለቱ ሥራውን መሥራቱ ነውና አያስጨንቅም። ሳይጠፋ ከቆየ ግን አምፑ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል ማለት ነው፤ ማስተሩን ማንሳት ድምፁን ያደቃዋል እንጂ አይጨምረውም። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ዝቅተኛውን ቤዝ መቀነስ፣ አምፑ ከፈቀደ ሁለተኛ ሳጥን መጨመር ወይም ሲግናሉን ወደ አዳራሹ ሲስተም መላክ ነው። የኮምፕረሰር መብራት ከነዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ እርስዎ በመረጡት መጠን ድምፁን እየጨመቀ መሆኑን የሚያሳይ እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

መብራቱና ጆሮ ሳይስማሙ ሲቀሩ

ድምፁ ይሰነጠቃል፣ መብራት ግን አይበራም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የአክቲቩን ቤዝ ባትሪ ይቀይሩ፤ ከዚያ ፔዳሎቹን አውጥተው ቤዙን በቀጥታ ወደ አምፑ ይሰኩ። አሁንም ከተሰነጠቀ ማስተሩን በጣም ዝቅ አድርገው ይስሙ። በዝቅተኛ ድምፅም የሚሰነጠቅ ከሆነ ችግሩ ከማስተሩ በፊት ነው ወይም ስፒከሩ ራሱ ተጎድቷል። ሌላ ስፒከር ሳጥን ወይም ሄድፎን በማገናኘት ሁለቱን መለየት ይቻላል። በከፍተኛ ድምፅና በአንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚንቀጫቀጥ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብሎን፣ የሳጥኑ መከለያ ወይም በክፍሉ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው፤ በእጅ ተጭኖ ማረጋገጥ ይበቃል።

ድምፁ መድረኩ ላይ ጥርት ብሎ ሳለ ከአዳራሹ ስፒከሮች ተበላሽቶ የሚሰማበት ጊዜም አለ። የአምፑ ዲአይ መውጫ (ሲግናሉን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የሚልከው) ከጌይኑ በኋላ፣ ከማስተሩ ግን በፊት በሚሆንባቸው ብዙ አምፖች ላይ ጌይኑ ሲጨምር ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውም ይጨምራል። ስለዚህ የድምፅ ባለሙያው የሚክሰሩን ደረጃ ካስተካከለ በኋላ ጌይኑን መነካካት የእሱን ሥራ ማፍረስ ነው። ፕሪ እና ፖስት የሚል ቁልፍ ካለ ፕሪ ላይ ማድረግ የኢኩዋላይዘሩ ለውጥ ወደ ሚክሰሩ እንዳይሄድ ያደርጋል። የእርስዎ መብራት ጠፍቶ የሚክሰሩ ክሊፕ መብራት ከበራ የሚቀነሰው እዚያው፣ በሚክሰሩ ቻናል ላይ ነው።

ድምፁ ደስ እያሰኘ መብራቱ የሚበራበትም ሁኔታ አለ፣ እሱም ስህተት ላይሆን ይችላል። ቲዩብ ፕሪአምፕ ያላቸው አምፖች ጌይናቸው ሲበዛ ድምፁን በቀስታ ያሻክሩታል፤ በ1969 ብቅ ያለው ባለ 300 ዋቱ የአምፔግ ኤስቪቲ በሮክ መድረኮች ላይ የተወደደውም ሲገፋ በሚሰጠው በዚህ ወፈር ያለ ሻካራነት ጭምር ነው። ይህን ድምፅ ፈልገው ጌይኑን ከፍ ካደረጉ የፕሪአምፑ ክሊፕ መብራት አብዝቶ ቢበራ አምፑን አይጎዳውም፤ ማስተሩን ግን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉ፣ የፓወር አምፑ ክሊፕ መብራት እንዳይከተል። የተሻከረ ሲግናል በአማካይ ኃይሉ ስለሚበዛ በአንድ ዓይነት የድምፅ መጠን እንኳን ስፒከሩን ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ትዊተሩን የሚቀንስ ማዞሪያ ካለም ዝቅ ማድረጉ ለጆሮም ለትዊተሩም ይበጃል።

የፕሮቴክት መብራት ሲበራ

ይህ መብራት ከሌሎቹ የተለየ ነው። ሌሎቹ እየተጫወቱ የሚስተካከሉ ሲሆኑ ይህ ሲበራ አምፑ ስፒከሩን አቋርጦ ራሱን ዘግቷል። ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት መፍትሔ አይደለም። የሚዘጋባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሙቀት፣ በስፒከር ገመድ ወይም በሳጥኑ ውስጥ ያለ ሾርት፣ ከተፈቀደው በታች የሆነ ኦምና የፓወር አምፑ የውስጥ ብልሽት ናቸው።

ማስተሩን ዜሮ አድርገው አምፑን ያጥፉ፣ ከኤሌክትሪክም ይንቀሉት። መዳፍዎን ወደ መከለያው ያስጠጉ፤ በጣም ከሞቀ የአየር መግቢያዎቹ በጨርቅ፣ በግድግዳ ወይም በአቧራ ተዘግተው እንደሆነ ይዩ፣ ማራገቢያው ይዞር እንደነበረም ያስታውሱ፤ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ካልሞቀ ትኩረትዎን ወደ ስፒከሩ ያዙሩ። ሁሉንም የስፒከር ገመዶች ይንቀሉና ጫፋቸው ላይ የተላቀቀ ሽቦ ካለ ይፈትሹ፣ በስህተት የጊታር ገመድ ገብቶ እንደሆነም ይመልከቱ፣ የሳጥኖቹን ኦም እንደገና ያስሉ።

አምፑ ትራንዚስተር ከሆነ አሁን ምንም ስፒከር ሳይሰካ ያብሩት፤ ቲዩብ ፓወር አምፕ ካለው ይህን እርምጃ ይዝለሉት። መብራቱ ከጠፋ ችግሩ ከአምፑ ውጭ ነው፦ አጥፍተው አንድ ሳጥን ብቻ በሌላ ገመድ ያገናኙና ያብሩ፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ የቀድሞውን ገመድ እያሉ በየመካከሉ እያጠፉ ጥፋተኛውን ይለዩ። ያለ ስፒከርና ቀዝቅዞም መብራቱ ካልጠፋ ብልሽቱ ውስጥ ነው። መከለያውን ራስዎ አይክፈቱት፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አምፑ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ፊውዝ ተቃጥሎ ከሆነም ከተጻፈው መጠን በላይ የሆነ ፊውዝ በፍጹም አይተኩበት።

ለጠጋኙ ሲወስዱት «መብራት በራ» ብቻ ብለው አይስጡት። የትኛው መብራት እንደሆነ፣ አምፑ ሲበራ ጀምሮ ነው ወይስ ከተጫወቱ በኋላ የሚለውን፣ የትኞቹ ሳጥኖች በስንት ኦም ተገናኝተው እንደነበሩ፣ ያለ ስፒከር ሲሞከር ምን እንደሆነ፣ ጌይኑና ማስተሩ የት ላይ እንደነበሩ በወረቀት ጽፈው አብረው ይስጡት።